ጠያቂና መላሽ፦ ትንሿ ሎደር፣ የእግረኛ መንገድና በረዶ

ዊንተር እየተቃረበ ስለሆነ መሰለኝ በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ አንድ ማሽን ላይ ናቸው፣ ያቺ ከኋላዋ መቆሚያ ላይ ቆመው የሚነዷት ሚኒ ሎደር፣ በወረቀት ስሟ ኮምፓክት ዩቲሊቲ ሎደር የምትባለው። እኔ በሷ ብዙ ዊንተር በረዶ ጠርጌያለሁ፣ እወዳታለሁም፣ ግን የማትችለውን ትችላለች ተብለው ገዝተው የተቆጩ ሰዎች ስላየሁ ዛሬ ረዘም አድርጌ ነው የምመልሰው።

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። ሁለት ሆነን በአካፋና በእጅ በሚገፋ ስኖው ብሎወር (በረዶውን ስቦ በሚወረውረው ማሽን) ነበር ስንሠራ የቆየነው፣ ዘንድሮ ግን የአንድ ትልቅ የአፓርታማ ግቢ የእግረኛ መንገድ በሙሉ ተረክበናል፣ 800 ሜትር ገደማ ይሆናል። ጓደኛዬ ፒክአፕ ላይ ፕላው (ትልቁን የበረዶ መግፊያ) እንሰር ይላል፣ ሌላ ሰው ደግሞ ስኪድ ስቲር፣ ውስጡ ተቀምጠው የሚነዱት ትልቁ ሎደር ነው ጉልበት ያለው አለን፣ እኔ ግን ልቤ ሚኒ ሎደሯ ላይ ነው። የቱ ይሻለናል?

መልስ፦ ወንድሜ ልብህ የሄደበት ልክ ነው፣ ግን ምክንያቱን እንየው፣ ምክንያቱን ካልያዝከው ነገ ሌላ ሰው መጥቶ ሀሳብህን ያስቀይርሃል። መጀመሪያ ሜትር ያዙና እዛ ግቢ ሄዳችሁ መንገዱን ለኩ። የጉልበት ወሬ ከዛ በኋላ ይደርሳል። የእግረኛ መንገድ ብዙ ጊዜ ከ120 እስከ 150 ሴንቲሜትር ነው ስፋቱ፣ ዛፍ ወይ የመብራት ምሰሶ ያለበት ጋ ደግሞ ከዛም ይጠባል። ሚኒ ሎደሮች አብዛኞቹ 90 ሴንቲሜትር ገደማ ናቸው፣ ስኪድ ስቲር ከ150 እስከ 180 ይደርሳል፣ ፒክአፕ ላይ የሚታሰረው ፕላው ከ2 ሜትር በላይ ነው። ስለዚ ፒክአፑ ፓርኪንጉን ይጠርግ ይሆናል እንጂ የእግረኛው መንገድ ላይ አይወጣም፣ ስኪድ ስቲሩ ደግሞ አንድ ጎኑ ሁሌ ሳሩ ላይ ነው የሚሄደው፣ በረዶው ሲቀልጥ ግቢው የታረሰ ማሳ መስሎ ይገኛል።

ክብደትም አለ። የእግረኛ መንገድ ኮንክሪት ብዙ ቦታ ውፍረቱ 10 ሴንቲሜትር ቢሆን ነው፣ ለሰው እግር የፈሰሰ ነገር ነው፣ 3 ቶን የሚመዝን ስኪድ ስቲር በላዩ ሲመላለስበት ጠርዝ ጠርዙ ይሰነጠቃል። ሚኒ ሎደር እንደ ሞዴሉ ከ700 ኪሎ እስከ ቶን ተኩል አካባቢ ነች። እና ደግሞ ሰው የማይቆጥረው ግን እኔን በጣም የጠቀመኝ ነገር፣ ቆመህ ስለምትነዳት የምትገፋው ነገር ጫፉ ይታይሃል፣ ደረጃ ጋ ወይ በር ጋ ስትደርስ ወርደህ ሁለት አካፋ አድርገህ ትመለሳለህ፣ ስኪድ ስቲር ውስጥ የተቀመጠ ሰው ግን ቀበቶ ፈትቶ መከላከያውን አንስቶ እስኪወጣ ድረስ ይታክተውና «አልፈዋለሁ» ይላል፣ የታለፈችው አንድ ሜትር ላይ ነው ጠዋት ሰው የሚወድቀው።

የማሽኑ ዘር ራሱ ከጠባብ ቦታ ነው የመጣው። ሲሪል እና ሉዊስ ኬለር የሚባሉ ሁለት ወንድማማቾች በ1957 ሚኒሶታ ውስጥ የመጀመሪያዋን ትንሽ ሎደር የሠሩት ተርኪ የሚባለውን ትልቅ ወፍ ለሚያረባ አንድ ገበሬ ነበር፣ የወፎቹ ቤት ውስጥ ምሰሶ በምሰሶ ስለነበረ ትራክተር መዞር አልቻለም፣ እነሱ ባለችበት የምትዞር ባለ ሦስት ጎማ ማሽን ሠሩለት። ስኪድ ስቲር ከዛ ነው ያደገው፣ ሚኒዋም የዛው ቤተሰብ ነች።

አሁን ሂሳቡን እንሥራ። 800 ሜትር ርዝመት፣ ሜትር ተኩል ስፋት፣ 15 ሴንቲሜትር በረዶ ቢጥል 180 ሜትር ኩብ ነው። አዲስ የጣለ ደረቅ በረዶ በሜትር ኩብ 100 ኪሎ ገደማ ይመዝናል ብለን ብንይዝ 18 ቶን ማለት ነው፣ ውሃ የያዘው እርጥብ በረዶ ከሆነ ደግሞ በሜትር ኩብ 300 ኪሎና ከዛም በላይ ይሄዳል፣ ያው ሦስት እጥፍ። ይሄን በአካፋ ለሁለት ሰው ማሸከም ወገብም ልብም ያስከፍላል፣ በብርድ ከባድ በረዶ ማንሳት የልብ ህመም እንደሚቀሰቅስ ሐኪሞች ሁሌ የሚያስጠነቅቁት ነው።

የሷ ድክመት ፍጥነት ነው፣ ይሄን አስቀድማችሁ እወቁት። ብዙዎቹ በሰዓት ከ5 እስከ 8 ኪሎ ሜትር ነው የሚሄዱት፣ የፈጣን ሰው እርምጃ በሉት። በወረቀት ላይ 800 ሜትር 10 ደቂቃ ነው፣ በተግባር ግን ማዕዘን አለ፣ ሰው ለማሳለፍ መቆም አለ፣ ቁልል ቦታ ማመላለስ አለ፣ ስለዚ ከአንድ ሰዓት በላይ አስቡ። ሥራችሁ አንድ ግቢ ውስጥ ተሰብስቦ ከሆነ ድንቅ ነው፣ አምስት ሰፈር የተበተነ ከሆነ ግን በተሳቢ ጭኖ ማውረዱና ማሰሩ ሌሊቱን ይበላዋል።

ስትገዙ ደግሞ የማንሳት አቅም የሚለውን ቁጥር ሁለት ማሽን አጠገብ ለአጠገብ አድርጋችሁ ዝም ብላችሁ አታወዳድሩ። ባለ ጎማዋ ላይ የሚጻፈው ማሽኗን ከሚገለብጣት ክብደት 50 በመቶው ነው፣ ባለ ሰንሰለቷ፣ በጎማ ፋንታ እንደ ታንክ የምትሄደው ላይ ግን 35 በመቶው። በወረቀቱ እኩል የሚመስሉት እኩል አይደሉም። ለበረዶ ግን እውነት ለመናገር ይሄ ቁጥር ሁለተኛ ነገር ነው፣ በረዶ በብዛት የምትገፋው እንጂ የምታነሳው ነገር አይደለም።

ጥያቄ፦ ሚኒ ሎደር ከነባኬቷ (ከነማፈሻዋ) ገዛሁ፣ ድራይቭዌይ፣ የቤቱ መኪና መግቢያ ላይ እሺ ነች ግን የእግረኛ መንገድ ላይ ባኬቱ ሁለት ሜትር ሳልሄድ ይሞላል፣ ከዛ በጎንና ጎኑ ይፈሳል፣ ያለፍኩበት ደግሞ በሰንሰለቷ ተጨቁኖ አይስ ይሆናል። ፊቷ ላይ የሚታሰር ምን አታችመንት ልጨምርበት? ሁሉንም መግዛት አልችልም።

መልስ፦ እህቴ ችግርሽ ከማሽኗ አይደለም፣ ባኬት መጫኛ እንጂ መጥረጊያ ስላልሆነ ነው። ባኬቱን አትሽጪው፣ ቁልል ለማንሳትና ከቦታ ቦታ ለማዛወር ያስፈልግሻል፣ ግን የእግረኛ መንገድ ላይ በረዶው ወደ ጎን እየፈሰሰ መሄድ አለበት፣ ለዛ ደግሞ ወደ ግራና ቀኝ በሃይድሮሊክ፣ በዘይት ግፊት ማለት ነው፣ የሚዞር ብሌድ (መግፊያ ብረት) ነው የሚፈለገው።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሸወድባት ነገር አለች። ብሌዱ ሲዞር የሚጠርገው ስፋት ይቀንሳል። 120 ሴንቲሜትር ብሌድ 30 ዲግሪ ስታዞሪው የሚጠርገው 104 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፣ ማሽንሽ 90 ከሆነች ትርፍ አለሽ። 100 ሴንቲሜትር ብሌድ ብትገዢ ግን ሲዞር 87 ይሆናል፣ ከማሽኗ ይጠባል፣ ያኔ አንዱ ሰንሰለት ሁሌ ያልተጠረገ በረዶ ላይ ይሄዳል፣ አንቺ ያልሽው የተጨቆነ አይስ ከዛ ነው የሚመጣው። የተጨቆነ በረዶ ደግሞ መሬቱን አንዴ ከያዘ ብሌድ አይነቅለውም፣ ጨውና ፀሐይ መጠበቅ ነው። ስለዚ ሻጩን «ቀጥ ብሎ ስንት ነው» ብለሽ ሳይሆን «ዞሮ ስንት ነው» ብለሽ ጠይቂው።

በጀትሽ ለሁለት ነገር ከበቃ ሁለተኛው የሚሽከረከረው ብሩሽ ይሁን። የሚጥለው ሁሌ ስስ ደረቅ በረዶ ቢሆን ኖሮ፣ እኔ ለእግረኛ መንገድ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ብሩሹን ነበር የምይዘው። እስከ 5 ሴንቲሜትር ገደማ የጣለ ደረቅ በረዶ ላይ ከሱ የሚደርስ የለም፣ በስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ኮንክሪቱን ራሱን እስክታዪው ድረስ ነው የሚጠርገው፣ ብሌድ ግን ሁሌ ስስ ሽፋን ይተዋል፣ ያቺ ስስ ሽፋን ናት ቀን ቀልጣ ማታ መስታወት የምትሆነው። ብሩሽ ያለፈበት መንገድ ጨው በጣም ትንሽ ነው የሚፈልገው። ግን ብሩሹን መሬት ላይ አትጫኚው፣ ባለበት አሽከርክረሽ ስታነሺው መሬቱ ላይ የሚቀረው የተጠረገ መስመር ከመዳፍሽ ስፋት መብለጥ የለበትም፣ ከበለጠ ጸጉሩን ለምንም እየጨረስሽው ነው። ነፋሱንም እዪ፣ ከፊትሽ የሚነፍስ ከሆነ የጠረግሽው ሁሉ ፊትሽ ላይ ነው የሚመለሰው፣ መነጽር የግድ ነው። እርጥብና ጥልቅ በረዶ ላይ ብሩሽ አይሆንም፣ በረዶው እየተጠቀለለ ይታፈናል፣ እና ብሩሽ ያለው ሰው በረዶው 20 ሴንቲሜትር እስኪደርስ አይጠብቅም፣ እየጣለ እያለ ወጥቶ ደጋግሞ ይጠርጋል።

ፑሸር የሚባለው ሁለት ጎኑ የተዘጋው ሣጥን ለድራይቭዌይና ለፓርኪንግ ጥሩ ነው፣ ለእግረኛ መንገድ አይሆንም። ስኖው ብሎወሩ ደግሞ በረዶ የምታስቀምጪበት ቦታ ሲጠፋ ነው ዋጋው የሚታየው፣ ብሌድ ጎን ላይ ግድግዳ እየሠራ ይሄዳል፣ ግድግዳው ከፍ ሲል በረዶው ተመልሶ መንገዱ ላይ ይወድቃል፣ ብሎወር ግን አርቆ ይወረውረዋል። ከመግዛትሽ በፊት የሃይድሮሊክ ፍሰቱን አመሳክሪ፣ ሚኒ ሎደሮች ብዙዎቹ በደቂቃ ከ40 እስከ 55 ሊትር ነው የሚሰጡት፣ ለትልቅ ስኪድ ስቲር የተሠራ ብሎወር ብታስሪባት ይዞርልሻል ግን አይወረውርም።

ጨው ካነሳሁ አይቀር፣ ተራው ጨው ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ በደንብ መሥራት ያቆማል፣ ከዛ በኋላ መጨመር መበተን ብቻ ነው፣ በጣም ሲቀዘቅዝ ካልሲየም ክሎራይድ ያስፈልጋል። ከተፈሰሰ ዓመት ያልሞላው ኮንክሪት ላይ ግን ጨው አታድርጊ፣ አሸዋ ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ ባለፈው ዊንተር የአንድ ደንበኛ የንጣፍ ድንጋይ ነቀልኩ፣ ሌላ ቦታ ደግሞ የሳር ጠርዝ ቆረጥኩ። በማታ ሁሉም ነጭ ነው፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ይሄ ጥያቄ ወደ ራሴ ነው የመለሰኝ። በመጀመሪያው ዊንተሬ ላይ፣ ገና ሳይነጋ ነበር፣ ቀጥ ባለ የእግረኛ መንገድ ላይ ብሌዱን መሬት አስነክቼ እየሄድኩ ድንገት ማሽኗ ቀጥ አለች። እኔ ግን አልቆምኩም። ደረቴ መያዣው ላይ ተመታ፣ ትንፋሼ ተቆረጠ፣ ጓንቴ መሪው ላይ ቀርቶ እጄ ወጣ። በረዶውን በእጄ ጠርጌ ሳየው አንዱ የኮንክሪት ጠፍጣፋ በዛፍ ሥር ተገፍቶ ከጎረቤቱ ሦስት ጣት የሚያህል ከፍ ብሎ ነበር፣ ጠርዙ በብረቱ ተፈልጧል፣ ስባሪው ነጭ በነጭ ሆኖ እዛው ተቀምጧል። ደረቴ ሁለት ሳምንት አመመኝ፣ ጠርዙን ከኪሴ አስጠገንኩ። ያ መንገድ በመስከረም ባየው ኖሮ አንድ እንጨት ተክዬበት በአጠገቡ አልፍ ነበር።

ከዛ ወዲህ በረዶ ሳይጥል፣ መሬቱም በብርድ ሳይጠነክር፣ የምሠራበትን ቦታ ሁሉ በእግሬ እሄደዋለሁ። ከፍ ያለ ጠፍጣፋ፣ የማንሆል ክዳን፣ የውሃ መዝጊያ፣ የጋዝ ቆጣሪ፣ ሃይድራንት (የእሳት አደጋ ውሃ መቅጃ)፣ የሳር ውሃ ማጠጫ ራሶች፣ የከርብ (የመንገዱ ጠርዝ ድንጋይ) መጨረሻ፣ ሁሉንም በስልኬ ፎቶ አነሳለሁ፣ ቀኑ ያለበት ፎቶ ማለት ነው፣ ምክንያቱም በሚያዝያ ደንበኛ «አንተ ነህ የሰበርከው» ሲል ከቃል ይልቅ ፎቶ ይናገራል። ከዛ አንጸባራቂ ያለው ረዥም እንጨት በየጠርዙ እተክላለሁ። መሬቱ በብርድ ከጠነከረ በኋላ እንጨት አይገባም፣ ለዛ ነው ቀድሞ የሚደረገው፣ በመዶሻ ብትሞክረው እንጨቱ ነው የሚሰበረው።

ማሽኗ ላይ ደግሞ ሁለት ነገር ቀይር። የብሌዱ ከንፈር፣ መሬት የሚነካው የታች ጠርዙ፣ ብረት ከሆነ ለንጣፍ ድንጋይና ለጌጥ ኮንክሪት የጎማ ከንፈር እሰርለት፣ አይስ ላይ እንደ ብረቱ አይፍቅም ግን ድንጋይ አይነቅልም። ሌላው ሞላ ያለው ብሌድ ነው፣ እንቅፋት ሲመታ ታችኛው ከንፈር ወደ ኋላ ይታጠፍና አልፎ ይመለሳል፣ እኔ ያን ቀን ይሄ ቢኖረኝ ደረቴ አይመታም ነበር። እና ፍጥነት፣ ወንድሜ፣ የማታውቀው መንገድ ላይ በሰው እርምጃ ሂድ።

ጥያቄ፦ ባለ ሰንሰለቷ ጭቃ ላይ እንደ ታንክ ነች፣ በረዶ ላይ ግን ቁልቁለት ሳለሁ እንደ ሸርተቴ ወሰደችኝ። የተሸጠችልኝ ለበረዶ ትሻላለች ተብሎ ነበር።

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን አልተጎዳህም። ብዙ ሰው ይሄን ገልብጦ ነው የሚያውቀው። ሰንሰለት ጭቃ ላይ የሚጠቅመው ክብደቱን ሰፊ ቦታ ላይ ስለሚበትነው ነው፣ አይሰምጥም። ጠንካራ መሬት ላይ የተኛ በረዶ ላይ ግን የምትፈልገው ተቃራኒውን ነው፣ ክብደቱ ጠባብ ቦታ ላይ ተሰብስቦ በረዶውን ሰንጥቆ መሬቱን እንዲይዝ። ጠበብ ያለ የዊንተር ጎማ ያላት ባለ ጎማ ሎደር ለዛ ነው አስፋልት ላይ በልጣ የምትገኘው። ሰንሰለትህ ጥርሱ ትላልቅ ጡብ የሚመስል ከሆነ ለበጋ ጭቃ ነው የተሠራው፣ ቀጫጭን ስንጥቅ ያለበት የዊንተር ሰንሰለት ለብዙ ሞዴሎች አለ፣ ልዩነቱን በመጀመሪያው ማታ ታየዋለህ።

ቁልቁለቱን በተመለከተ ሕጉ አንድ ነው፣ ከባዱ ጎን ሁሌ ወደ ዳገቱ። ባኬትህ ባዶ ከሆነ ከባዱ ጎን ሞተሩ ያለበት ኋላዋ ነው፣ ስለዚ ዳገት በኋላ ማርሽ ትወጣለህ፣ በፊት ማርሽ ትወርዳለህ። ባኬቱ ሙሉ ከሆነ ከባዱ ጎን ፊቷ ይሆናል፣ በፊት ማርሽ ወጥተህ በኋላ ማርሽ ትወርዳለህ። ጭነቱ መሬት ሊነካ ትንሽ ሲቀረው ይሁን፣ ከፍ አድርገህ አትሂድ። ዳገት ላይ በጎን ማቋረጥና እዛው መዞር ደግሞ ጨርሶ ተወው። ገደል የሚመስል ድራይቭዌይ ካለ መጀመሪያ ከታች ሆነህ ጨው በትንበት፣ ሩብ ሰዓት ጠብቅ፣ ከዛ ግባ።

ጥያቄ፦ ከዜሮ በታች 20 ሲሆን ሞተሯ አይነሳም፣ ተነስታም አንዴ ሰንሰለቷ መሬት ላይ ተጣብቆ አልነቃነቅ አለ። ንጋት 11 ሰዓት ላይ ደንበኛ እየጠበቀ አስቡት።

መልስ፦ አስባለሁ፣ ደርሶብኛል። የማሽኗ ጠዋት የሚወሰነው ማታ ነው። ሥራ ስትጨርስ ደክሞህም ቢሆን ከሰንሰለቱና ከመሽከርከሪያዎቹ መሀል በረዶውንና ጭቃውን በአካፋ ፈልቅቀህ አውጣ፣ ከዛ ሁለት ጣውላ ላይ አውጥተህ አቁማት። ሳይጸዳ ካደረ በረዶው ድንጋይ ይሆናል፣ በጉልበት ለማላቀቅ ስትሞክር ሰንሰለቱን ትበጥሳለህ ወይ ሃይድሮሊኩን ትጎዳለህ። የያዘ ሰንሰለት የሚለቀው በሙቀትና በትዕግስት ነው።

ናፍታው ሌላ ነው። በጣም ሲቀዘቅዝ ናፍታ ውስጥ ያለው ሰም ይረጋና ፊልትሩን ይደፍናል፣ ለዚህ የዊንተር ናፍታ ነው መሞላት ያለበት፣ በበጋ የሞላኸው ታንክ ውስጥ ከቀረ አዲሱን ከመጨመርህ በፊት ጨርሰው። እንዳይረጋ የሚያደርገው መድኃኒት ደግሞ ናፍታው ሳይረጋ በፊት ነው የሚጨመረው፣ ከረጋ በኋላ ብትጨምረው ወደ ፊልትሩ አይደርስም። ባትሪ ከዜሮ በታች 18 ላይ ከጉልበቱ ግማሽ ገደማ ያጣል፣ ሞተሩ ደግሞ በዛው ሰዓት ዘይቱ ወፍሮ የበለጠ ጉልበት ይፈልጋል፣ ለዛ ነው የሞተር ማሞቂያ ሰክቶ ማሳደር ከምንም በላይ የሚጠቅመው።

ስትነሳ ወዲያው አትሂድ። ሃይድሮሊክ ዘይቱ እንደ ማር ነው የሚሆነው፣ አሥር ደቂቃ በዝግታ ይዙር፣ ክንዷን ቀስ አድርገህ ከፍ ዝቅ አድርጋት፣ አታችመንቱን ሳትጭነው አሽከርክረው። እና ይሄን ስታደርግ በር የተዘጋ ጋራዥ ውስጥ አትሁን፣ የጭስ መርዙ ሽታ የለውም፣ ራስ ምታት ነው ብለህ ስትቀመጥ ነው የሚጥልህ።

ጥያቄ፦ ብሎወሩ እርጥብ በረዶ ሲያጋጥመው አፉ ይታፈናል፣ ጓደኛዬ ሞተሩን ሳያጠፋ በእጁ ነው የሚያወጣው፣ ፈጣን ነው ይላል።

መልስ፦ ዛሬውኑ አስቁመው። እጅ አይገባም፣ ጠፍቶም ቢሆን እጅ አይገባም። የታፈነ ብሎወር ውስጥ ምላሱ በበረዶው ተይዞ እንደተወጠረ ነው የሚቆመው፣ ሞተሩ ከጠፋም በኋላ የታፈነው ሲላቀቅ ድንገት ይዞራል፣ ጣት ለመቁረጥ ያቺ ግማሽ ዙር ትበቃለች። ሞተር ማጥፋት፣ ቁልፉን ኪስ ማድረግ፣ የሃይድሮሊክ ግፊቱን መልቀቅ፣ ሁሉም ነገር እስኪቆም መጠበቅ፣ ከዛ በዱላ። ዱላዋን ማሽኗ ላይ እሰሯት፣ ፈልጎ ያጣ ሰው ነው እጁን የሚጠቀመው። ደህንነት ቡሎን ከተበጠሰ ደግሞ ያገኛችሁትን ጠንካራ ቡሎን አትተኩበት፣ እሷ የተሠራችው ድንጋይ ሲገባ ተበጥሳ ማርሽ ሣጥኑን እንድታድን ነው።

ጥያቄ፦ ጡረታ ወጥቻለሁ፣ አንድ ቤት ነው ያለኝ፣ ድራይቭዌዩ ሁለት መኪና ጎን ለጎን ይይዛል። ልጆቼ ሚኒ ሎደር እንግዛልህ ይላሉ። ሌላው ያማረረኝ ነገር ደግሞ በሩን ከጠረግሁ በኋላ የመንገዱ ትልቁ ፕላው ያልፍና የድራይቭዌዩን አፍ መልሶ ይደፍነዋል፣ ለዚህ መላ ካለ ንገሩኝ።

መልስ፦ አባቴ፣ ልጆችዎ ስለሚያስቡልዎት ነው፣ ይመስገኑ፣ ግን ለአንድ ቤት አያስፈልግዎትም። ሎደሯ ጥገና አላት፣ ማሳደሪያ ቦታ ትፈልጋለች፣ ግሪስና ዘይት ትጠይቃለች፣ በጋ ላይ ጉድጓድ የምትቆፍርበት ወይ አፈር የምታጓጉዝበት ሥራ ከሌለ ዓመቱን ሙሉ ቆማ ነው የምትውለው። ለእርስዎ የሚሆነው ራሱን የሚነዳ ባለ ሁለት ደረጃ ስኖው ብሎወር፣ አንዱ ክፍል በረዶውን የሚሰበስብ ሌላው የሚወረውር ነው፣ ወይም ደግሞ ልጆችዎ ያንኑ ገንዘብ ለሠፈር ጠራጊ ከዊንተሩ በፊት ይዋዋሉበት። በአካፋ ብቻ ግን አይሞክሩት፣ 5 ሜትር በ12 የሆነ ድራይቭዌይ 20 ሴንቲሜትር ሲጥልበት 12 ሜትር ኩብ በረዶ ነው፣ ደረቅ እንኳን ቢሆን ከአንድ ቶን በላይ፣ እርጥብ ከሆነ ሦስት ቶን ተኩል።

ለሁለተኛው ጥያቄዎ ግን መላ አለው፣ ደንበኞቼ ጋ ሁሉ የማደርገው ነው። መንገዱ ላይ ቆመው ፕላዉ ከየት በኩል እንደሚመጣ ይዩ። እሱ በረዶውን ብሌዱ ላይ ተሸክሞ እየገፋ ነው የሚመጣው፣ የእርስዎ በር ክፍት ሆኖ ሲያገኝ እዛው ያራግፈዋል። ስለዚ እሱ ከሚመጣበት ጎን፣ ከድራይቭዌዩ አፍ በፊት ባለው የመንገድ ዳር ላይ፣ ሦስት አራት ሜትር ርዝመት ያለው፣ ከመንገዱ ዳር ወደ ውስጥ አንድ ሜትር ተኩል የሚገባ ባዶ ኪስ ይጥረጉለት። ፕላዉ መጀመሪያ የሚያገኘው ያን ኪስ ስለሆነ የተሸከመውን እዛ ይጥለውና በርዎ ላይ ሲደርስ ባዶውን ያልፋል። ከኪሱ የሚወጣውን በረዶ ወደ መንገዱ አይግፉት፣ ለሚመጣ መኪናም አደጋ ነው፣ ብዙ ቦታም ያስቀጣል፣ ከድራይቭዌዩ አፍ ማዶ ፕላዉ አልፎ በሚሄድበት ጎን ሳሩ ላይ ይከምሩት። ክምሩንም ዝቅ አድርገው ወደ ውስጥ ያስገቡት፣ ከመኪናዎ ውስጥ ሆነው ሲወጡ የእግረኛው መንገድ ላይ የሚመጣ ልጅ እንዲታይዎት።